ሲጋራ ሌላ፣ ሲጋር ሌላ

በአማርኛ «ሲጋራ» ስንል በወረቀት ተጠቅልላ በፓኮ የምትሸጠውን ማለታችን ነው። ኒያላ ሲጋራ ነው፤ ማርልቦሮም ሲጋራ ነው። ዛሬ የማወጋችሁ ግን ስለ ሲጋር ነው፤ ወረቀትም ማጣሪያም ስለሌለው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቅጠል ብቻ ስለሆነው፣ በሰው እጅ ስለሚጠቀለለው። ከእርሱም ውስጥ ለስላሳ ስለሚባለው ነው። ለስላሳ ስል እንደ አዲስ አበባ ልጆች ኮካና ሚሪንዳ ማለቴ አይደለም፤ ኃይሉ ዝቅ ያለ፣ ጣዕሙ ግን ያልደኸየ ማለቴ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህች ላይ ስለሆነ ጽሑፌም በአብዛኛው የሚሽከረከረው በእርሷ ዙሪያ ነው።

ርእሱን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ በምኖርበት በዳላስና ፎርት ወርዝ አካባቢ በሠርግና በምረቃ ድግሳችን ላይ ሲጋር እየተለመደ መጥቷል። ሙሽራውና ሚዜዎቹ ከአዳራሹ ውጪ ቆመው ጥቁርና ወፍራም ሲጋር ለኩሰው ፎቶ ይነሣሉ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንደኛው እንደ ሲጋራ ወደ ሳንባው እየሳበ ሲያስል፣ ሌላኛው ከጠዋት ጀምሮ እህል ስላልቀመሰ ላብ ላብ ብሎት ወንበር ሲፈልግ ታያላችሁ። ሁለቱም ነገር ምክንያቱ የታወቀ ነው። ሙያዬ ምህንድስና ስለሆነ፣ ምክንያቱ የታወቀ ነገር ሲበላሽ ዝም ብሎ ማየት ይከብደኛል።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልበል። ትምባሆ በእኛ አገር ጥሩ ስም የለውም። አፄ ዮሐንስ 4ኛ (የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1872 እስከ 1889 ነው) የሚያጨስ ሰው ከንፈሩ፣ ሱረት የሚስብ ሰው አፍንጫው እንዲቆረጥ ያዝዙ እንደነበር በታሪክ ተጽፏል። ትምባሆ በአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ቅጠል ነው የሚሉ አረጋውያንን እኔም በልጅነቴ ሰምቻለሁ። ቅጣቱ ቀርቶ ነውሩ ግን ቆይቷል፤ ነውሩም ጠቅሞናል ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙት ኢትዮጵያውያን አዋቂዎች 5 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከወንዶች 8.1፣ ከሴቶች 1.8 ከመቶ። ይህን ቁጥር ከፍ ለማድረግ አልጽፍም። የማያጨስ አንባቢ ይህን አይቶ እንዲጀምር አልመክርም። ሲጋራን በስንት ልፋት ያቆመ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይሞክረው፤ ሰውነቱ የለመደውን ስለማይረሳ ሳያውቀው ወደ ሳንባው ይስባል። የምጽፈው በዓመት ጥቂት ጊዜ መለኮሱ ለማይቀር፣ ከለኮሰ አይቀርም አውቆ ቢለኩስ ለሚሻለው ሰው ነው።

ካባ፣ ካፖርትና አንጀት

ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች ወደ ኩባ ተልከው «የወጣቶች ደሴት» በምትባለው ደሴት እንደተማሩ ታስታውሳላችሁ። ከእነዚያ ልጆች አንዱ ዛሬ እዚህ ዳላስ ውስጥ ፀጉሩ ሸብቶ ይኖራል፤ እኔም ጋሼ ነው የምለው። የሲጋርን ስፓኒሽኛ በአንድ ምሽት ያስተማረኝ እርሱ ነው። «አትጨነቅ፣ ግማሹን ታውቀዋለህ» አለኝ። «ካፓ ማለት ካባ ነው፤ ካፖቴ ማለት ካፖርት ነው፤ ትሪፓ ማለት አንጀት ነው።»

በእርግጥም እንዲሁ ነው። ካባው ከውጭ የምናየው፣ ምርጥ ሆኖ የተለየው አንድ ቅጠል ነው። ካፖርቱ ከካባው ሥር ሆኖ ውስጡን አጥብቆ ይይዛል። አንጀቱ ከልዩ ልዩ ቦታ የመጡ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ዓይነት ቅጠሎች ተጣጥፈው የሚሞሉት ነው። በጥሩ ሲጋር ውስጥ የአንጀቱ ቅጠል ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዘልቃል፤ ርካሹ ግን የተከተፈ ብጥስጣሽ ስለሆነ ቶሎ ይግላል፣ ምላስም ላይ ይበተናል።

ኃይሉን የሚወስነው ቅጠሉ በተክሉ ላይ የነበረበት ቦታ ነው። ከታች የሚለቀመው ቮላዶ ይባላል፤ በደንብ ይነድዳል እንጂ ጣዕሙ ትንሽ ነው። የመካከለኛው ሴኮ ሽታና መዓዛ ይሰጣል። ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው የላይኛው ሊሄሮ ወፍራምና ዘይታማ ነው፤ ኒኮቲኑም ከሁሉ ይበልጣል። የሚያስቀው፣ ሊሄሮ በስፓኒሽ «ቀላል» ማለት ነው። ለስላሳ ሲጋር የሚሠራ ሰው እንግዲህ ሴኮውን አብዝቶ ሊሄሮውን ይቀንሳል፤ አንዳንዱም ጨርሶ ይተወዋል።

የጥላ ቅጠል

ለስላሳ ሲጋር ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠራው ካባ የኮነቲከት ጥላ ነው። በኮነቲከት ወንዝ ሸለቆ ገበሬዎች እ.ኤ.አ. ከ1900 አካባቢ ጀምሮ ትምባሆውን በስስ ጨርቅ ድንኳን ሥር ያበቅሉታል። ብርሃን ያነሰው ቅጠል ብርሃን ፍለጋ ይሰፋል፤ ሲሰፋም ይሳሳል፤ ጅማቱ ይቀጥናል፤ ቀለሙም እንደ ፈካ ቡናማ ወርቅ ይሆናል። የቡና አገር ሰው ይህ አይጠፋውም፤ የጥላ ቡናም ከጠራራ ፀሐይ ቡና በዝግታ እንደሚበስል እናውቃለን። በኢኳዶር ይኸው ዘር ያለ ድንኳን ይበቅላል፤ ደመናው ራሱ ድንኳን ነው።

አንጀቱ ብዙ ጊዜ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ነው፤ ይህ ደግሞ የስደት ታሪክ ነው። ከኩባ አብዮት በኋላ እርሻቸውና ፋብሪካቸው የተወረሰባቸው ቤተሰቦች ዘራቸውንና ሙያቸውን ይዘው ወደ ዶሚኒካን፣ ወደ ሆንዱራስና ወደ ኒካራጓ ተሰደዱ። ዘሩ ያው ሆኖ አፈሩ ሲለወጥ ጣዕሙም ለዘብ ያለ ሆነ። በመጀመሪያ ከኩባ ብቻ ይመጣ የነበረው ዳቪዶፍ እንኳ በ1990ዎቹ መግቢያ ጠቅልሎ ዶሚኒካን ገብቷል። ከአፍሪካ በካባነት ስመ ጥር የሆነው የካሜሩን ቅጠል ነው። እኛስ? ለሚሉ፣ የሸዋ ሮቢትና የብላቴ እርሻዎች የታወቁት ለሲጋራ በሚሆን ቅጠል ነው።

ካባው ስለፈካ ብቻ ሲጋሩ ለስላሳ ነው ብላችሁ ግን እንዳትገዙ። የኮነቲከት ካባ ለብሶ አንጀቱ የኒካራጓ ሊሄሮ የሆነ ስንት አለ! ባለ ሱቁን ውስጡ ምን እንደሆነ ጠይቁት፤ የማያውቅ ከሆነ ሌላ ሱቅ ሂዱ። እንደ እኔ ለጀማሪ ማካኑዶ ካፌ ወይም አሽተን ክላሲክ ይበቃል። «አዋቂዎች» ማካኑዶን ይንቁታል፤ እኔ አልንቀውም። ይርጋ ጨፌን «ቀጭን ቡና» ብሎ የሚንቅ ሰው የሐረሩን ክብደት ይርጋ ጨፌ ላይ እየፈለገ ነው፤ ያጣውም የጃስሚኑን ሽታ ነው። በሲጋርም ኃይል፣ ክብደትና ጣዕም ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኃይል ኒኮቲኑ ነው፤ ክብደት ጢሱ አፍ ውስጥ የሚሰማው ውፍረት ነው፤ ጣዕም ሌላ ነው። አንደኛው ዝቅ ሲል ሌሎቹ የግድ አይወርዱም።

ጣዕሙን የሚያነጻው መብላላቱ ነው። የደረቀው ቅጠል ትልልቅ ክምር ሆኖ ይቀመጣል፤ ክምሩም እንደ እርጥብ ድርቆሽ በራሱ ይሞቃል። መሐሉ ላይ ቴርሞሜትር ተሰክቶ ሙቀቱ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ሲደርስ ክምሩ ፈርሶ የውስጡ ወደ ውጭ ይገለበጣል። በዚህ ጊዜ አሞንያው ይወጣል፤ ኒኮቲኑም የተወሰነው ይቀንሳል። በችኮላ የተሠራ ሲጋር ጉሮሮ ይቧጥጣል፤ አፍንጫም ይሰነፍጣል። በደንብ የተብላላው ለስላሳ ሲጋር የሚሰጠኝን ሽታ በእኛው ቃል ልንገራችሁ፦ የደረቀ ሣር፣ የተላገ እንጨት፣ የተቆላ ለውዝ፣ ጥቂት ነጭ ቁንዶ በርበሬ፣ አንዳንዴም ትኩስ ወተት።

የተገለበጠ ቡና

ከላይ ያለውን ቆብ በስለታም መቁረጫ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ቁረጡ። ዝቅ ብላችሁ ከቆረጣችሁት ካባው ይተረተራል። የእንጨት ክብሪት ወይም የጋዝ ላይተር ጥሩ ነው፤ የቤንዚን ላይተርና ሻማ ሽታቸውን ያጋባሉ። ነበልባሉን ሳታስነኩ እያሽከረከራችሁ ጫፉን አሙቁት፣ ከዚያ ሳብ አድርጉ። ጢሱ አፍ ውስጥ ይቆያል እንጂ ወደ ሳንባ አይወርድም። የሲጋር ጢስ ከሲጋራ ጢስ ይልቅ አልካላይን ስለሆነ ኒኮቲኑ በአፍ ቆዳ በኩል ይገባል። እንግዲህ ወደ ሳንባ መሳብ ምንም አይጨምርም፣ ጉዳት እንጂ። በደቂቃ አንዴ መሳብ ይበቃል። ከዚያ ሲፈጥን ጫፉ ይግላል፤ ለስላሳው ሲጋርም ይመርራል። «ለስላሳ ሲጋር ጣዕም የለውም» ከሚሉት መካከል አብዛኞቹ ሲያጨሱ አይቻቸዋለሁ፤ የሚስቡት አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው ነው።

ሲጋርን በሦስት ከፍሎ መቅመስ የተለመደ ነው። ለእኛ አቦል፣ ቶና፣ በረካ በሉት። ልዩነቱ ግን መገልበጡ ነው። ቡና ከአቦል ወደ በረካ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ሲጋር ግን እየከበደ ይሄዳል፤ ምክንያቱም ሙቀቱም፣ ሬንጁም፣ ኒኮቲኑም ወደ አፍ እየቀረቡ ባልተቃጠለው ቅጠል ላይ ይጠራቀማሉ። ለስላሳ ሲጋር ደግነቱ ያለው አቦሉና ቶናው ላይ ነው። በረካው መምረር ሲጀምር ተዉት። ገንዘቤን ብሎ እስከ ጣቱ የሚያጨስ ሰው የሚያጣጥመው ሬንጅ ነው።

ከምን ጋር? ፈካ ተደርጎ የተቆላ የታጠበ ቡና ያለ ስኳር፤ ከእርሱ የሚበልጥ አላገኘሁም። ዶሮ ወጥ ከተበላ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆዩ፤ በርበሬው ምላስ ላይ እያለ ለስላሳውን ሲጋር መለየት በከበሮ መሐል ዋሽንት እንደ መስማት ነው። ዕጣንም ይጥፋ። በጾም በባዶ ሆድ ግን አይሞከርም። ማዞርና ማቅለሽለሽ ከመጣ ሲጋሩን አስቀምጡ፣ ጣፋጭ ነገር ቅመሱ፣ ውሃ ጠጡ።

የቴክሳስ አየር

ሲጋር ሕይወት ያለው ነገር ይመስል ከአየሩ ጋር ውሃ ይቀበላል፣ ውሃ ይሰጣል። የሚስማማው አንጻራዊ እርጥበት ከ65 እስከ 70 ከመቶ ነው። የእኛ ቤት ደግሞ በበጋ አየር ማቀዝቀዣው፣ በክረምት ማሞቂያው ያደርቀዋል፤ በጥር ወር ሳሎኔ ውስጥ 30 ከመቶ ለክቻለሁ። በዚህ አየር ላይ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው ያ ስሱ የጥላ ካባ ነው። ከ70 በላይ ሲሆን ደግሞ ያብጣል፣ እሳቱም ይጠፋል። ሙቀቱ ከ24 ዲግሪ በላይ ከቆየ በቅጠሉ ውስጥ ያለው የትምባሆ ነቀዝ እንቁላል ይፈለፈላል። በሐምሌ መኪና ውስጥ መተው እንግዲህ መጣል ነው።

ውድ ሳጥን አያስፈልግም። በደንብ የሚገጠም የፕላስቲክ ዕቃ፣ የእርጥበት መጠበቂያ ከረጢትና ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ይበቃል። መለኪያውን ግን አትመኑት፣ ፈትኑት። የጠርሙስ ክዳን ላይ የገበታ ጨው ሙሉና ጭቃ እስኪመስል ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጉበት፤ ጨው መሟሟት ግን የለበትም። ከመለኪያው ጋር አየር በማያስገባ ከረጢት ውስጥ ዘግታችሁ እስከ ማግሥቱ ተዉት። የጨው ጭቃ በዙሪያው ያለውን አየር ሁልጊዜ 75 ከመቶ ላይ ያቆመዋል። መለኪያችሁ 70 ካነበበ 5 ጨምራችሁ አንብቡት። እኔ ከገዛኋቸው አራት መለኪያዎች ትክክል የነበረው አንድ ብቻ ነው።

ዋጋን በተመለከተ ጥሩ ለስላሳ ሲጋር ዛሬ በአብዛኛው ከ8 እስከ 15 ዶላር ነው። የቴክሳስ የሲጋር ቀረጥ በአንድ ፍሬ ከ2 ሳንቲም በታች ስለሆነ ከኒው ዮርክ ዘመዶቻችን ይልቅ በርካሽ እንገዛለን። ዳላስም እ.ኤ.አ. በ2009 በመጠጥ ቤት ውስጥ ማጨስን ስትከለክል የሲጋር ቤቶችን ለይታ ትታለች። በዕድሜ ጉዳይ ቴክሳስና ኢትዮጵያ ሳይመካከሩ ተገናኝተዋል፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ሕግ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አይሸጥም። አንድ ማሳሰቢያ ለመንገደኞች፦ ከአዲስ አበባ ስትመለሱ በዱባይ ወይም በፍራንክፈርት የኩባ ሲጋር ገዝታችሁ ወደ አሜሪካ ማስገባት ከመስከረም 2020 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ክልክል ነው። በ2016 ተፈቅዶ የነበረውን የሚያስታውስ ሰው እስካሁን ይሳሳታል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። ለስላሳ ማለት የማይጎዳ ማለት አይደለም። አንድ ትልቅ ሲጋር የአንድ ፓኮ ሲጋራ ያህል ትምባሆ ሊይዝ ይችላል። ወደ ሳንባ ባይሳብም የአፍ፣ የጉሮሮና የምግብ ቧንቧ ካንሰርን እንደሚያመጣ ከታወቀ ቆይቷል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ፣ የምህንድስናና የሕክምና አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ስለ ፕሪሚየም ሲጋር ባወጡት ሪፖርት ጉዳቱ በምን ያህል ጊዜና በምን ያህል ጥልቀት እንደሚጨስ እንደሚወሰን ጽፈዋል። ለስላሳው ሲጋር በዚህ በኩል አታላይ ነው፤ ራስ ስለማያዞር ሁለተኛውን ያስመኛል። እኔ ለራሴ የወሰንኩት በወር አንድ ነው፤ ሳጥኔ ውስጥም ከ12 በላይ አላስቀምጥም።

ስትጨርሱ እንደ ሲጋራ አትጨፍልቁት፤ የከፋ ሽታ ይወጣዋል። መተርኮሻው ላይ አስቀምጡት፣ በደቂቃዎች ውስጥ ራሱ ይጠፋል። ቁራጩ መቀዝቀዙን አረጋግጣችሁ ከቤት ውጪ ባለው ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት። ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ከሆነ ሸሚዙንም እዚያው ጋራዥ ውስጥ አውልቃችሁ፣ እጅና ፊታችሁን ታጥባችሁ ግቡ።