የአኦርታ ቫልቭ መጥበብና የሁለት መመርመሪያዎች ታሪክ

ስለ ሞገድ የሚሰጠው ትምህርት ብዙ ጊዜ ቀመር በማስጠናት ይወሰናል። ቀመሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ግን ለተማሪው አይነገረውም። የዶፕለር ሕግ ታሪክ ይህን ጉድለት ለማረም ይረዳል።

ኦስትሪያዊው ክርስቲያን ዶፕለር እ.ኤ.አ. በ1842 ፕራግ ላይ ሐሳቡን ሲያቀርብ ዓላማው የከዋክብትን ቀለም ማስረዳት ነበር። በ1845 የኔዘርላንዱ ቦይስ ባሎት መለከት ነፊዎችን በባቡር አሳፍሮ፣ የሚቀርበው ድምፅ እንደሚቀጥን፣ የሚርቀውም እንደሚወፍር አረጋገጠ። ኤድለርና ኸርትዝ በ1953 ስዊድን ውስጥ የልብን እንቅስቃሴ በአልትራሳውንድ መዘገቡ። በ1970ዎቹ ደግሞ ኖርዌያውያን ተመራማሪዎች፣ በተለይም ሊቭ ሃትለና ቢዮርን አንገልሰን፣ በጠበበ ቫልቭ የሚያልፈውን ደም ፍጥነት በዶፕለር ለክተው የግፊቱን ልዩነት ማስላት እንደሚቻል አሳዩ። ከዚያ በፊት ለዚሁ ሥራ ቀጭን ቱቦ በደም ሥር እስከ ልብ ማስገባት ግድ ነበር።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ እንደገና በ4 ይባዛል። በሴኮንድ 4 ሜትር የሚፈስ ደም 64 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የግፊት ልዩነት ያመለክታል። ይህም ፍጥነት የከባድ መጥበብ መነሻ ነው። ነገር ግን ሞገዱ ከደሙ አቅጣጫ 30 ዲግሪ ቢያዘነብል ፍጥነቱ 3.5 ገደማ፣ ግፊቱም 48 ብቻ ሆኖ ይነበባል። ስለሆነም በጽኑ የታመመው ሰው መካከለኛ ሕመምተኛ መስሎ ይታያል።

የመመርመሪያዎቹ ልዩነት የሚገለጸው እዚህ ላይ ነው። አንደኛው የልብን ምስል እያሳየ ይለካል፤ ነገር ግን ፊቱ ሰፊ በመሆኑ በጎድን አጥንቶች መካከል እንደ ልብ አይዞርም። ሁለተኛው እርሳስ መሰል ነው፤ ምስል አያሳይም። አንዱ ክሪስታሉ ያለማቋረጥ ሞገድ ይልካል፣ ሌላው ይቀበላል። መርማሪው በድምፁ እየተመራ ከደረት አጥንት በላይም ሆነ በቀኝ በኩል ትክክለኛውን አቅጣጫ ይፈልጋል። በዚህም ሳቢያ ብዙ ጊዜ ከፍተኛውን ፍጥነት የሚያገኘው ምስል የማያሳየው መመርመሪያ ነው። የማዕዘን ስሕተት ፍጥነትን ያሳንሳል እንጂ አያጋንንም፤ ስለዚህ ከየአቅጣጫው ከተገኙት ልኬቶች ትልቁ ይወሰዳል። የሙያው መመሪያዎችም ይህ መመርመሪያ እንዳይተው ይመክራሉ።

ከዚህ ለመምህራንና ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች የሚተርፍ ቁም ነገር አለ። ብዙ የሚያሳይ መሣሪያ ሁሉ በትክክል ይለካል ማለት አይደለም። ኮሳይንን የሚያስተምር መምህርም የሰው ሕይወት የሚመዘንበትን መለኪያ እያስተማረ መሆኑን ሊገነዘብ ይገባል።