ስማችንን ማን ይጻፍልን?

የጌሻ ቡና ሲነሳ ሁላችንም ስለ ዋጋው እናወራለን። ዛሬ ስለ ስሙ እናውራ።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ማጂ ላይ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበረ። በዚያ ዘመን ከእኛው ደቡብ ምዕራብ፣ ጌሻ ከሚባለው አካባቢ የቡና ዘር ተሰብስቦ ወደ ኬንያ ተላከ። ዘሩ ከኬንያ ታንጋኒካ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ኮስታሪካ ወደሚገኝ የግብርና ምርምር ማዕከል ተሻገረ፤ ከዚያም ፓናማ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ የፓናማ እርሻ ይህንኑ ቡና ለውድድር አቅርቦ አሸነፈ፤ በጨረታም ፓውንዱ 21 ዶላር ተሸጠ። ለጊዜው ጉድ ያሰኘ ዋጋ ነበር።

ስሙስ? በውጭ መዝገቦች «ጌይሻ» ተብሎ ሰፈረ። የውጭ ገዢ ቃሉን ሲሰማ ትዝ የሚለው ጃፓን ነው፤ የእኛ ጫካ አይደለም። ስሙን የመዘገበው የአገሩ ሰው ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይጣመምም ነበር። ዛሬም ድረስ «ጌሻ ነው፣ ጌይሻ?» የሚለው ክርክር አልሞተም።

ይህን ያነሳሁት በየኪሳችን ባለው ስልክ ላይ ያው ታሪክ በትንሹ እየተደገመ ስለሆነ ነው። ሚዛን ቴፈሪ ላይ አልጋ ቤት፣ ፋርማሲ ወይም ጋራዥ ያለህ ወዳጄ፣ የድርጅትህ ስም ጉግል ካርታ ላይ ሊኖር ይችላል። አንተ ግን ላትጽፈው ትችላለህ። አንድ አላፊ መንገደኛ ጽፎት ይሆናል፤ ፊደሉን አጣሞ፣ ስልኩን ትቶ፣ ቦታውን ሁለት መንገድ አሳስቶ።

ወደ ኋላ እንመለስ። ድሮ ነጋዴ የሚገኘው በቀኑ ነበር። ጅማ ላይ የሂርማታ ገበያ ሐሙስ ይቆማል፤ ሐሙስ የሄደ ሁሉንም ያገኛል፤ ዓርብ የሄደ ባዶ ሜዳ ያገኛል። እንግዳ ነጋዴ ከሆነ ደግሞ ሰው የሚያገናኘው ደላላ ነው። ደላላው ማን ምን እንዳለው ያውቃል። የሚያውቀውን ግን በነፃ አይናገርም።

ስልክ ሲመጣ አዲስ መዝገብ መጣ። አሜሪካ ውስጥ ኒው ሄቨን በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1878 የወጣው የመጀመሪያው የስልክ ማውጫ አንዲት ቅጠል ወረቀት ነበር። ሃምሳ ያህል ስም ብቻ፤ ቁጥር እንኳን የለውም። ደዋዩ ስሙን ለኦፕሬተሩ ይነግራል፣ እሱ ያገናኘዋል። እኛ አገር ቴሌ ታሪኩን የሚቆጥረው እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ ነው። የስልክ ማውጫም ታትሞልናል። ነገር ግን ማውጫ ውስጥ የሚገባው መስመር ያለው ነው። የቤንች ባለ ሱቅ መስመር ከሌለው ስም የለውም። አድራሻውም የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ሳይሆን «መናኸሪያ ፊት ለፊት፣ ገባ ብሎ» ሆኖ ቀረ።

ጉግል ካርታ እ.ኤ.አ. በ2005 ተጀመረ። ባለ ድርጅቶች ስማቸውን፣ ስልካቸውንና የሥራ ሰዓታቸውን ራሳቸው እንዲያስተዳድሩ የሚያስችለው የንግድ ገጽ በ2014 በአንድ ስም ተጠቃልሎ ወጣ፤ በ2021 ደግሞ ስሙ ተቀየረ። ክፍያ የለውም። በንግድ ታሪክ ድሃው ባለ ሱቅና ሀብታሙ ሆቴል አንድ መዝገብ ላይ በእኩል ዋጋ፣ ማለትም በዜሮ ብር፣ የሚጻፉበት ጊዜ ብዙ አይደለም።

«ደንበኛዬ ያውቀኛል፣ ምን ያደርግልኛል?» ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ፣ ጎረቤትህ ያውቅሃል። ከሸዋ ቤንች ማርና ቡና ይዛ በገበያ ቀን የምትመጣ እናትም ካርታ አያስፈልጋትም። ካርታ የሚያስፈልገው እንግዳ ነው፤ ሚዛን ደግሞ የእንግዳ ከተማ ሆናለች። ዩኒቨርሲቲው ከየአገሩ ተማሪ ያመጣል። ሆስፒታሉ አስታማሚ ያመጣል። ክልሉ ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. በይፋ ሲመሠረት መቀመጫው አንድ ከተማ አልሆነም፤ ቦንጋ፣ ሚዛን አማን፣ ቴፒና ተርጫ ተካፈሉት። ስለዚህ የመንግሥት ሠራተኛው ቦርሳውን ይዞ ከከተማ ከተማ ይመላለሳል። ማታ ከመኪና የወረደ ሰው ስልኩን ከፍቶ «አልጋ» ብሎ ይፈልጋል። ያንተን ካላገኘ ኮሚሽን የሚከፍለው ቤት ይወሰዳል። ሂርማታ ላይ የነበረው ደላላ አልሞተም ማለት ነው።

«ገቢዎች ያየኛል» የሚልም አለ። ወዳጄ፣ ግብር ሰብሳቢው ሱቅህን ለማግኘት ካርታ አያስፈልገውም። ካርታ የሚያስፈልገው ደንበኛህ ነው።

ባለቤት ያልተረከበው ገጽ አደጋም አለው። ማንም ሰው እርማት ሊያቀርብበት ይችላልና። ህንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 አጭበርባሪዎች ካርታው ላይ የባንክ ስልክ ቁጥር ቀይረው፣ የደወለውን ደንበኛ ምስጢር እየጠየቁ ገንዘብ ዘርፈዋል። ባዶ ወንበር ላይ የሚቀመጥ አይጠፋም።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ድሮ ባለቤትነት የሚረጋገጠው ኮድ የተጻፈበት ፖስታ ካርድ በመላክ ነበር። ደብዳቤ ቤት ድረስ በማይመጣበት፣ ፖስታ ሣጥን በሚከራዩበት አገር ይህ እንቅፋት ነበር። አሁን ብዙ ጊዜ በስልክ ወይም የድርጅቱን በር፣ ታፔላና ውስጡን በሚያሳይ ቪዲዮ ይረጋገጣል። የመንገድ ስም ለሌለው ደግሞ «ፕላስ ኮድ» አለ፤ ቦታህን በጥቂት ፊደልና ቁጥር ይገልጸዋል። ጉግል ማንን እንደሚያስቀድም ሲናገር ሦስት ነገር ይጠቅሳል፦ ከተፈለገው ጋር መዛመድ፣ ርቀትና ታዋቂነት። ርቀቱን አትቀይረውም። ሥራህን በትክክል መጻፍ፣ ስሙን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ማስገባት፣ ፎቶ መጨመርና የረካ ደንበኛ አስተያየት እንዲጽፍ መጠየቅ ግን በእጅህ ነው። አስተያየት በገንዘብ መግዛት የተከለከለ ነው።

አንድ ነገር ግን አንርሳ። መዝገቡ ነፃ ቢሆንም የእኛ አይደለም። ይኸው ኩባንያ ለባለ ድርጅቶች በነፃ ይሰጣቸው የነበሩትን ድረ ገጾች እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ዘግቷቸዋል። ኔትወርክ ሲጠፋም ካርታው አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ የደንበኛህን ስልክ ደብተርህ ላይ ጻፍ፤ የቴሌግራም ገጽ ክፈት፤ ታፔላህን አሳድስ። ካርታው የእነዚህ ጓደኛ እንጂ ምትክ አይደለም።

ዝምታ ወርቅ ነው የሚባለው ለነጋዴ አይሠራም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለው ግን ይሠራል፤ የተጣመመም ስም ቢሆን ይውላልና። የጌሻን ስም ለማቃናት ሰማንያ ዓመት ያለፈ ጊዜ አልበቃም። የሱቅህን ስም ለማቃናት ግን አንድ ምሽት ይበቃል። ዛሬ ማታ ስልክህ ላይ ፈልገው። ከሌለ ጻፈው። ተሳስቶ ካገኘኸው ተረከበውና አርመው። ስልክ የማይነኩ እናት ወይም አባት ሱቅ ካላቸው ደግሞ፣ አንተ ልጃቸው ጻፍላቸው።