አሸን፣ አተላ፣ ፋጉሎ

ነቀምት ባደግንበት ዘመን ዓሣ ማጥመድ የልጅ ሥራ ነበር። አዋቂ ሰው ወንዝ ዳር መንጠቆ ጥሎ ሲቀመጥ ካየን «ምን ቸግሮት ነው?» እንባባል ነበር። ከብት አርቢ የሆኑ ብዙ ኩሻዊ ሕዝቦች ዓሣን ከምግብ አይቆጥሩትም ነበር። በኦሮሞ አገር ዋታ፣ በጣና ዳር ደግሞ ወይጦ የሚባሉት አዳኞች ከውኃ የሚወጣውን ጉማሬ ስለሚበሉ ሌላው ሰው ማዕድ አይጋራቸውም ነበር። አያቴ አኮም ቁርጡሚ (ዓሣ) የነካው ድስት ምድጃቸው ላይ አይጣድም። ጥበቡ በእኛ በትንንሾቹ እጅ የቀረው ለዚህ ነው።

ወጥመዱ ውስጥ የምናስቀምጠውን ነገር «ጉርሻ» እንለው ነበር። ትክክለኛ ስሙ ይሁን አይሁን ግድ አልነበረንም፤ ዓሣው እንግዳ ነው፣ እንግዳን ያጎርሱታል።

ጉርሻው በወቅት ይለወጣል። ግንቦት ላይ መሬቱ በመጀመሪያው ዝናብ ሲርስ አሸን ይፈላል። ወለጋ፣ በተለይ በነጆና በመነ ሲቡ በኩል፣ ምስጥ ሰብልም ቤትም የሚበላበት አገር ነው። ገበሬው የሚረግመውን ነፍሳት እኛ ክንፍ ሲያወጣ ከመብራት ሥር በጣሳ እንዘግነው ነበር። ደግሞ ክረምት ሲገባ ብዙ ዓሣ ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች ሽቅብ ይወጣል። ጎርፍ የጣለውን አሸን እየለቀመ ስለሚመጣ የእኛን ከዚያ አይለየውም። መስቀል ሲደርስ ተራው የሸርጣን ነው። ከቅርጫው የተረፈ የሳንባ ቁራጭ በሲባጎ ታስሮ ድንጋይ ሥር ይወርዳል። ሸርጣን መንጠቆ አያስፈልገውም፤ የያዘውን አልለቅም ብሎ በስስቱ ይወጣል።

በቀረው ጊዜ ጉርሻው የሚገኘው ከጓዳ ነው፤ ጓዳ ደግሞ እንደ ሠፈሩ ነው። አኮ ጠላ ስለሚጠምቁ እኔ አተላ ነበረኝ፤ ኮምጣጣ ሽታው ሩቅ ይሄዳል። ኦነሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምት ገብተው ከሰበኩ ወዲህ ወንጌላውያኑ በበዙበት ሠፈር ግን ጠላ አይጠነሰስም። የዚያ ሠፈር ልጆች በበቆሎ ሊጥ ያጠምዱ ነበር። ሊጥ ቶሎ ይሟሟል፤ ፉርሽካ ካልገባበት ዓሣው ሳይደርስ ውኃው ይበላዋል። እኛ እንስቅባቸው ነበር፤ እነሱ ደግሞ ስለ አተላችን ያስቡ የነበረውን እግዜር ይወቀው።

ሁለታችንንም ያስታረቀን ፋጉሎ ነው። ኑግ የወለጋ ሰብል ነው፤ የዘይት መጭመቂያ ከተማ ሲገባ ተጨምቆ የወጣው ፋጉሎ ለከብት መኖ ይሸጥ ጀመር። አንድ እፍኝ ከጆንያ ሥር ማንሳት ሌብነት አይመስለንም ነበር። ፋጉሎ እንደ ድንጋይ ጠጣር ነው፤ የቀረችው ዘይት ቀስ እያለች ትወጣለች፣ ሽታዋም ሌሊቱን ሙሉ በውኃው ትጓዛለች። ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነበር፤ ዛሬም ቢጠይቁኝ የምለው ይህንኑ ነው።

ወጥመዳችን አፉ የተሸረፈ ማሰሮ ነበር። በአፉ ላይ ጨርቅ ይወጠርና መሐሉ ሁለት ጣት በሚያስገባ ልክ ይበሳል። ፋጉሎው በሌላ ጨርቅ ይቋጠራል፤ ዓሣው እያሸተተ እንዲቆይ እንጂ ጠግቦ እንዲሄድ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን የማሰሮውን አፍ ወደ ላይኛው ወንዝ አዙሬ ቀበርኩት። ጠዋት ስደርስ ቅጠልና ደለል ሞልቶት አገኘሁ። ታላቅ ወንድሜ አናቴን በኩርኩም ብሎ «ሽታ ሽቅብ ይሄዳል እንዴ?» አለኝ። ሽታው ቁልቁል ይወርዳል፣ ዓሣው ሽታውን ተከትሎ ሽቅብ ይመጣል፤ አፉ ወደ ታች መዞር አለበት። ዛሬ ልጆቹ ሃይላንድ ቆርጠው፣ አንገቱን ገልብጠው መልሰው ይከቱታል። ሕጉ ግን ያው ነው።

ጉርሻ የማይፈልግ መንገድም አለ፤ እሱን አልወደውም። ብርብራ በወለጋ የቡና ጥላ ነው። ፍሬው ደርቆ ተወቅጦ በበጋ ዝግ ባለ ኩሬ ሲበተን ዓሣው አየር አጥቶ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ሥራውን የሚሠራው ሮቴኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ የአማዞን ሰዎችም ይህንኑ ከሌላ ተክል ሥር ያወጡታል። ብርብራ ትልቅ ትንሽ አይልም፤ ጣት የማያክለው ጫጩት ሳይቀር ሆዱን ገልብጦ ያድራል። በኋላ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቶ በመርዝ ማስገርን ከለከለ።

በእኛ በኩል ዓሣ ማስገር የአዋቂ እንጀራ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1973 የተጠናቀቀው የፊንጫ ግድብ የጮመንን ረግረግ ሐይቅ ካደረገው በኋላ ነው። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ተለቀቀበት፣ ጀልባና መረብ መጣ። ለመረብ ጉርሻ አያስፈልግም።

እኛ የያዝነውን ወንዝ ዳር በእንጨት ሰክተን እንጠብስ ነበር። ቤት ከመግባቴ በፊት እጄን በእንዶድ አሽቼ፣ በአሸዋ ፈትጌ፣ እንደገና በእንዶድ አጥብ ነበር። አንድ ቀን አኮ ጠርተውኝ መዳፌን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፤ ምንም አልሸተታቸውም። ድመታቸው ግን ከምድጃው ጥግ ተነሥታ መጣችና ጣቶቼን አንድ በአንድ ትልስ ጀመር።