ለወንዝ የተከለከለ፣ ለእርሻ የተፈቀደ

በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ በምትገኘው በሜይን ግዛት፣ አንድሮስኮጊን የሚባለው ወንዝ የወረቀት ፋብሪካዎችን እድፍ ለብዙ ዘመን ተሸክሞ ሲወርድ በመኖሩ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1940ዎቹ የበጋው ክርፋት በዳርቻው ለሚኖረው ሕዝብ እጅግ አስጨናቂ ሆኖ ነበር። በዚሁ ወንዝ ዳር በራምፎርድ ከተማ የተወለዱት ሴናተር ኤድመንድ መስኪ ውሃን ከእድፍ ለማንጻት ብዙ ከደከሙ በኋላ፣ በ1972 የንጹሕ ውሃ ሕግ ጸና፤ ወንዞቹም ቀስ በቀስ ነፍስ ዘሩ።

ነገር ግን ውሃው ሲጣራ የሚቀረው ዝቃጭ የግድ ማረፊያ ይሻ ነበርና፣ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ስላለበት ምድርን ያለመልማል ተብሎ፣ ከፋብሪካውም ከከተማውም ማጣሪያ በጭነት መኪና እየተጋዘ፣ በመንግሥት ፈቃድ በእርሻና በግጦሽ ላይ ተበተነ። ገበሬው ይህን የተቀበለው በስስት ወይም በቸልተኝነት አልነበረም፤ ሹማምንት የፈቀዱትን፣ ሊቃውንት ያመሰገኑትን፣ የማዳበሪያ ወጪውንም የሚያቃልልለትን ነገር በቅን ልቡና ተቀበለ እንጂ። የኋላውን መከራ በእርሱ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው።

በዝቃጩ ውስጥ ተሰውሮ የነበረው ፒፋስ የሚባለው የኬሚካል ወገን ነው። ወረቀትን ቅባትና ውሃ እንዳያልፈው፣ መጥበሻንም ምግብ እንዳይዝበት የሚያደርገው ይህ ቅመም፣ የካርቦንና የፍሎሪን ማሠሪያው እጅግ ጽኑ በመሆኑ፣ ፀሐይም ዝናምም በአፈር ያለው ረቂቅ ሕዋስም አያፈርሰውም። ከአፈር ወደ ጕድጓድ ውሃ ይሰርጋል፤ በሣር አድርጎ ወደ ላም፣ ከላም ወደ ወተት፣ ከወተትም ወደ ሰው ደም ይገባል፤ ከወገኖቹም በደም ውስጥ ለዓመታት የሚቆዩ አሉ፤ እናትም ለምታጠባው ሕፃን ታወርሰዋለች። የሕክምና ሊቃውንት የኩላሊትና የዘር ፍሬ ነቀርሳ፣ የእንቅርት ዕጢ ደዌና የደም ስብ መብዛት ከእርሱ ጋር የተያያዙ ሆነው አግኝተዋቸዋል፤ በሕፃናትም ላይ የክትባትን ኃይል እንደሚያደክም ታይቷል።

በ2016 በደቡብ ሜይን በአንድ የወተት ላም እርባታ ውስጥ የጕድጓዱ ውሃ ተበክሎ ተገኘ፤ ምርመራው ሲቀጥል ወተቱም እንዲሁ ሆነ። በ2021 በፌርፊልድ አካባቢ የታደነ አጋዘን ሥጋ እንዳይበላ መንግሥት አስጠነቀቀ፤ ዝቃጭ በተበተነበት እርሻ ግጦ ወደ ጫካ የሚመለሰው አውሬ የመሬት ወሰን አያውቅምና። በ2022 ሜይን ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ቀድማ ዝቃጭ በመሬት ላይ መበተንን በሕግ ከለከለች፤ ለተጎዱት ገበሬዎችም 60 ሚሊዮን ዶላር መደበች።

ላሚቱ ንጹሕ ድርቆሽና ንጹሕ ውሃ ካገኘች ወተቷ ከጊዜ በኋላ ይጠራል። አፈሩን ግን በሰፊ እርሻ ላይ የሚያነጻ ዘዴ ገና አልተገኘለትም፤ ስለዚህ አንዳንዶቹ ገበሬዎች መርዙ በፍሬው ውስጥ እንደ ቅጠሉ የማይበዛበትን ሰብል እየመረጡ መዝራት ጀምረዋል።