የጂግለር ቀዳዳ፤ የካርቡራተር ጽዳት ሙያ በቡራዩና በአካባቢዋ

ከአዲስ አበባ በአስኮ በኩል ወጥቶ ወደ ሆለታና ወደ አምቦ የሚዘልቀው መንገድ ቡራዩን መካከል ለመካከል ሰንጥቆ ያልፋል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ከተደረደሩት የጎማ መጠገኛዎች፣ የብየዳ ቤቶችና የመለዋወጫ ሱቆች አጠገብ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አንድ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ተገትሮ፣ ካርቡራተሩ ወልቆ በቤንዚን በተሞላ ጣሳ ውስጥ ተነክሮ ማየት የተለመደ ነገር ነው። ሥራው ለተመልካች እጅግ ተራ ይመስላል፤ የተደፈነን መክፈት፣ የቆሸሸን ማጠብ ብቻ። ይሁን እንጂ በዚህ ጣሳ ውስጥ የተነከረው ዕቃ የራሱ ታሪክ ያለው ሲሆን፣ የሚያጥበውም ሰው ሙያውን ያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሌላ ሰው እጅ ነው።

ዳይምለርና ማይባህ እ.ኤ.አ. በ1885 የመጀመሪያውን ባለ ቤንዚን ሞተር ብስክሌት ሲሠሩ የተጠቀሙበት ካርቡራተር ጂግለር የሚባል ነገር አልነበረውም። አየሩ በቤንዚኑ ላይ እያለፈ ትነቱን ይዞ ወደ ሞተሩ ይገባ ነበር። በዚያ አሠራር የሚደፈን ቀዳዳ የለም፤ ነገር ግን የድብልቁ መጠን እንደ አየሩ ሙቀትና እንደ መንገዱ ንውጽውጽታ ይለዋወጣል። እ.ኤ.አ. በ1893 ማይባህ በጀርመን፣ ባንኪና ቾንካ ደግሞ በሀንጋሪ፣ ቤንዚኑን በቀጭን ቀዳዳ እየረጨ ከአየር ጋር የሚያዋህደውን ካርቡራተር አበጁ። መሠረቱ ጣሊያናዊው ቬንቱሪ እ.ኤ.አ. በ1797 የገለጸው ሕግ ነው፤ ይኸውም አየር በጠባብ አንገት ውስጥ ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ሲፈጥንም ግፊቱ ይቀንሳል፣ የግፊቱ መቀነስም ቤንዚኑን ከጽዋው ወደ ላይ ይስበዋል። ጽዋው ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ቤንዚኑ ከልኩ እንዳያልፍ መርፌውን እየገፋ መግቢያውን ይዘጋል። ካርቡራተር ማለት በመሠረቱ ይኸው ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮም የሞተሩ ጤና ከግማሽ ሚሊሜትር በሚያንስ ቀዳዳ ንጽሕና ላይ የተንጠለጠለ ሆነ።

ወደ አገራችን ካርቡራተር የገባው በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሊ ከጅቡቲ ተነሥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ ባመጣው አውቶሞቢል ነው። ስለዚህ ጉዞ ሲነገር የሚጠቀሰው ሁልጊዜ የመንገዱ አስቸጋሪነትና የንጉሠ ነገሥቱ መደነቅ ነው፤ ስለ ሞተሩ የሚያነሣ ግን እምብዛም አይገኝም። በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ተሠርቶ የተስተካከለ ሞተር ከ2,300 ሜትር በላይ ወጥቶ ሲሠራ የሚያጋጥመው ችግር ግን የዚያኑ ጊዜ አብሮት ገብቷል። ቡራዩ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ካርቡራተሩ አየሩ መሳሳቱን የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው የሚረጨውን ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። በባሕር ዳርቻ ለዚህ ልክ የተሠራ ጂግለር ቡራዩ ላይ ሲደርስ ለኪሎው የሚያገኘው አየር 13 ኪሎ ገደማ ብቻ ይሆናል። ስለሆነም ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱ ይበዛል፣ ጉልበቱም ይወርዳል። ባለንብረቱ ይህን ሁሉ ቆሻሻ ያመጣው ነው ብሎ ስለሚያስብ «ካርቡራተሩ ይጠብልኝ» ይላል። ቢታጠብም አይሻለውም፤ ሞተሩ የሚሻው ጽዳት ሳይሆን ቀጠን ያለ ጂግለር ነውና። ጎበዝ ባለሙያ የሚለየው እንግዲህ ከማጠቡ በፊት ካንዴላውን ፈትቶ ቀለሙን በማየቱ ነው።

በሱሉልታ በኩል የሚጓዘው ሞተረኛ ችግር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። እንጦጦን ተሻግሮ፣ ሜዳውን ጨርሶ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ከአንድ ሺህ ሜትር እጅግ ወደማይበልጥ ከፍታ ይደርሳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን ሲወጣ መልሶ ደጋ ይገባል። ለሱሉልታ ብርድ የተስማማው ጂግለር በረሃው ውስጥ ቤንዚን ያሳንሳል፣ ሞተሩንም ያግላል። በአንድ ቀን መንገድ ላይ ሁለት ዓይነት አየር ማለት ነው።

የሙያውን ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ከማናቸውም ሰነድ ይልቅ የጋራዡን ቋንቋ ቢያዳምጥ ይበጀዋል። ጎማ፣ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኮፈን፣ ማርሚታ፣ ቡሎን፣ ናፍታ፣ እንዲሁም በእጅ ከሚያዙት ካቻቢቴና ፒንሳ፣ ሁሉም የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው። ሞተሩ ቆሞ ሳለ በዝግታ የሚዞርበትን ልክ ባለሙያው «ሚኒሞ» ይለዋል፤ ይህም ከዚያው የመጣ ነው። ጂግለር እንኳ ከፈረንሳይኛ ተነሥቶ በጣሊያን ጋራዦች በኩል የዞረ ቃል ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ወራሪው ጦር ከካሚዮኖቹ ጋር ሞቶ ጉዚን የመሰሉ ሞተር ብስክሌቶች ይዞ ገባ። ጦሩ ተሸንፎ ከወጣም በኋላ እንግሊዞች ጣሊያኖቹን ሁሉ ጠራርጎ ማስወጣት ሲፈልጉ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት የእጅ ባለሙያዎቹ እንዲቀሩ ወደደ፤ ብዙዎችም ቀሩ። በእነዚህና በአርመኖች፣ በግሪኮችም ጋራዦች ውስጥ ዕቃ በማቀበልና ብረት በማጠብ የጀመሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ቀስ በቀስ ፈቺ፣ ቀጥሎም ገጣሚ ሆኑ። ለአዲስ ገቢ ተለማማጅ የሚሰጠው የመጀመሪያ ሥራ ማጠብ ስለነበረ፣ የካርቡራተር ጽዳት የሙያው ደጃፍ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከጦርነቱ በኋላ ቬስፓና ላምብሬታ ዴልኦርቶ የተባለውን ካርቡራተር ይዘው መጡ፤ የእንግሊዞቹ ሞተር ብስክሌቶች አማልን፣ ኋላም የጃፓኖቹ ሚኩኒንና ኬሂንን አመጡ። እዚህ ላይ ለሙያው ሰዎች ሊጠቀስ የሚገባው የቁጥሩ ጉዳይ ነው። በዴልኦርቶ ጂግለር ላይ 100 ተብሎ ከተቀረጸ ቀዳዳው አንድ ሚሊሜትር ስፋት አለው ማለት ነው፤ ቁጥሩ የሚሊሜትር መቶኛ ነውና። በአማል ላይ ያው 100 ቢገኝ ግን የሚያመለክተው ስፋትን ሳይሆን በአንድ ደቂቃ የሚያልፈውን የፈሳሽ መጠን ነው። ሁለቱን አንድ ቆጥሮ መለዋወጥ ያስከተለው ጉዳት ቀላል አይደለም። በቃል ብቻ የተላለፈ ሙያ ብዙ ነገር በሚገባ ይጠብቃል፤ እንዲህ ያለውን የቁጥር ልዩነት ግን በቀላሉ ይጥለዋል።

ከቁጥሩ ይልቅ የከፋው ሽቦው ነው። የተደፈነን ጂግለር በብረት ሽቦ መውጋት በየጋራዡ የሚታይ ልማድ ነው። ጂግለር ከነሐስ መሰል ለስላሳ ብረት የተሠራ በመሆኑ በየጊዜው ሲወጋ ይፋቃል። የአንድ ሚሊሜትር ቀዳዳ በመቶኛ አምስት ብቻ ቢሰፋ፣ የሚያልፍበት ስፍራ በመቶ ከአሥር በላይ ይጨምራል። ከፍታው በራሱ ድብልቁን ባወፈረበት አገር ላይ ሽቦው ሌላ ተጨማሪ ቤንዚን ያፈሳል ማለት ነው። ትክክለኛው አሠራር የታወቀ ነው፤ ጽዋውን መፍታት፣ ጂግለሮቹን በልካቸው ካቻቢቴ ማውጣት፣ ላስቲኮቹን ለይቶ ማስቀመጥ፣ ሙጫ መሳዩን ዝቃጭ እስኪለቅ በፈሳሽ ማቆየት፣ ከዚያም በኮምፕሬሰር ንፋስ መንፋት። ብዙ ጊዜ የሚደፈነው ከሁሉ የቀጠነው የሚኒሞው ጂግለር ነው፤ ሞተር ብስክሌቱ ወራት ቆሞ ሲሰነብት ቤንዚኑ ተንኖ የሚተወው ሙጫ በቅድሚያ የሚይዘው እርሱን ነው። ሲረገጥ ተነሥቶ፣ ነዳጅ ሲሰጠው እያጓራ፣ ሲለቀቅ ወዲያው የሚጠፋ ሞተር ሕመሙ ይኸው ነው።

ኮምፕሬሰር ባልነበረበት ዘመን የሚነፋው በአፍ ነበር። ያን ጊዜ ቤንዚኑ እርሳስ ይቀላቀልበት እንደነበረ ማስታወስ ይገባል። ከሰሐራ በታች ያሉት የአፍሪካ አገሮች እርሳስ ያለበትን ቤንዚን የተዉት እስከ 1998 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ለአሥርተ ዓመታት እጁን በዚያ ቤንዚን ሲታጠብና ጂግለር በከንፈሩ ይዞ ሲነፋ የኖረው ሠራተኛ ምን ያህል መርዝ ወደ ሰውነቱ እንደገባ የለካለት አልነበረም።

የቤንዚን ዋጋ በአገራችን ታሪክ ውስጥ ያለው ስፍራ የታወቀ ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ዋጋው በግማሽ ያህል ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቁመው፣ መንግሥትም ከጭማሪው ከፊሉን ለመቀነስ ተገዶ ነበር። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚገኘው ኤታኖል በመቶ አምስት፣ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በመቶ አሥር እየተቀላቀለ በአዲስ አበባ መሸጥ ጀመረ። የመጀመሪያው መቀላቀያ የተተከለው በሱሉልታ ነበር። የውጭ ምንዛሪ ለማዳን የታሰበው ይህ ሥራ በካርቡራተር ላይ ያመጣው ለውጥ ግን ከጋራዥ ውጭ ብዙም አልተወራም። ኤታኖል ውኃ ይስባል፤ በአሮጌ ሰርባቶዮ ግድግዳ ላይ የተጋገረውን ዝገትና ዝቃጭ አላቆ ወደ ካርቡራተሩ ይልካል፤ ለእርሱ ያልተሠሩ አሮጌ ላስቲኮችንም ያሳብጣል። ጽዋው ሥር ነጭ ዱቄት መሳይ ዝገት ሲገኝ፣ ውኃ ገብቶ መሰንበቱን ያመለክታል። ነዳጅ በጠፋ ጊዜ በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ በመንገድ ዳር የሚሸጠው ቤንዚን ሲጨመርበትማ፣ ማጣሪያ የሌለው ሞተር ብስክሌት ሳምንት ሳይሞላው ቢመለስ የሚያስገርም አይሆንም።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የአዲስ አበባ አስተዳደር ከተፈቀደላቸው በቀር ሞተር ብስክሌቶች በከተማው እንዳይንቀሳቀሱ ከለከለ። በዚያን ጊዜ በኦሮሚያ ክልል ሥር የነበሩት ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ፣ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት፣ በዚህ ውሳኔ የሚታዘዙ አልነበሩም። ካርቡራተሩን ግን ሌላ ነገር እየገፋው ነው። ብዙ ባጃጆችና አነስተኛ ሞተር ብስክሌቶች ሲመጡባት የቆየችው ህንድ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ ባጸናችው የጭስ ደንብ ምክንያት፣ ለገበያዋ የሚሠሩት አዳዲስ ሞተር ብስክሌቶች ቤንዚንን በኤሌክትሪክ ትእዛዝ ወደሚረጭ መሣሪያ ተዛውረዋል። ያ መሣሪያ ከፍታውን በራሱ ይለካል፤ ቡራዩም ሆነ ዓባይ በረሃ ለእርሱ ልዩነት የለውም። ሲደፈን ግን በጣሳ ቤንዚንና በካቻቢቴ አይከፈትም።

አሮጌዎቹ እስከሚያልቁ ድረስ ካርቡራተሩ መታጠቡን ይቀጥላል። አዲስ ጂግለር በሚጠፋበትም ጊዜ በሽቦ የሰፋውን ቀዳዳ በቆርቆሮ ብየዳ ደፍነው፣ ስስ መብሻ በሁለት ጣት እያሽከረከሩ እንደገና በልኩ የሚበሱ ባለሙያዎች አሉ። ልኩን የሚያረጋግጡት ግን በቁጥር ሳይሆን፣ ጂግለሩን ወደ ፀሐይ አንሥተው በዓይናቸው በማየት ነው።