ስሙን የተቀማው ጠርዝ

ሰው ቤት ስንገባ ቀና ብለን ኮርኒሱን እናያለን፤ ንጹሕ ነው፣ ረግቧል፣ ዝናብ አስገብቶ ወይቧል እንላለን። ቃሉን የወሰድነው ከጣሊያንኛ ነው። በዚያ ቋንቋ ግን ኮርኒቼ የሥዕል ክፈፍ ወይም የሕንጻን ዙሪያ ተከትሎ የሚሄድ ጠርዝ ነው። ቃሉ እኛ ዘንድ ሲደርስ ሰፋና ከራሳችን በላይ ያለውን ሁሉ ሸፈነ። ግድግዳና ኮርኒስ የሚገናኙበት ቀጭን መስመርም ስሙን ተቀማ። አናጢን የሚፈትነው ደግሞ ይኸው መስመር ነው።

የይፋት ቆላ ለረጅም ዘመን ይህን ፈተና አያውቀውም ነበር። ክቡ የሣር ቤት ጣሪያው ዘቅዛቃ ቢሆንም ማዕዘን የለውም። ከሸዋ ሮቢት በስተሰሜን፣ በሾንኬ ያሉት የአርጎባ የድንጋይ ቤቶች ደግሞ ማዕዘን ቢኖራቸውም ጣሪያቸው በእንጨትና በአፈር የተደለደለ ዝርግ ነው። ፈረንሳውያን አርኪዮሎጂስቶች ያጠኗቸው የኢፋት ሱልጣኔት ዘመን ከተሞች፣ ኖራና አስበሪ፣ ግንባቸው እንጂ ጣሪያቸው አልተረፈልንም። (ታሪካችን ብዙ ጊዜ ጣሪያ የሌለው መሆኑ ይገርመኛል።)

በዚህ ቆላ ማዕዘንና ዘቅዛቃ ጣሪያን አጣምሮ ያስፋፋው የቆርቆሮ ቤት ነው። ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ጣርማ በርን በስተው ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ ሠሩ። ሸዋ ሮቢትም የዚህ መንገድ ከተማ ናት። በቆላ ፀሐይ ቆርቆሮ ይግላል፤ ስለዚህ ከሥሩ ኮርኒስ ያሻዋል። አየር እንዲያገኝ የፈለገ ባለቤት ኮርኒሱን የጣሪያውን ተዳፋት አስከትሎ ያስመታዋል። ጣጣው የሚጀምረው ያኔ ነው።

ኮርኒሱ ዝርግ ሲሆን አናጢው የጠርዙን እንጨቶች በ45 ዲግሪ ቆርጦ ያጋጥማቸዋል። ጣሪያው 15 ዲግሪ ቢዘቀዝቅስ? ስኳድራው ማዕዘኑ ላይ ሲቀመጥ ሁለቱ መስመሮች አሁንም በ90 ዲግሪ ይገናኛሉ፤ ስሕተት አይታይም። እንጨቶቹ ግን አይገጥሙም። ምክንያቱም በዝቅተኛው ግድግዳ በኩል ኮርኒሱ ከግድግዳው ጋር የሚሠራው ማዕዘን ወደ 105 ዲግሪ ተከፍቷል፤ ጫፉ ሦስት ማዕዘን በሆነው ግድግዳ በኩል ግን እዚያው 90 ላይ ነው። ጎንና ጎን የተቀመጡት እንጨቶች ጀርባቸውን የሚያስደግፉበት ጥጋት የተለያየ ነው። ስኳድራ ይህን አይለካም።

ሮቢት ውስጥ አንድ ሽማግሌ አናጢ ዲግሪ የሚባል ነገር ሳያነሡ ሲፈቱት አይቻለሁ። ሁለት ቀጭን እንጨቶችን በአንድ ምስማር አላልተው አያይዘዋል፤ አንዱን በቱንቢው ልክ አቁመው ሌላውን ከተዳፋቱ ጋር ያስተኙና ያንን ክፍተት ወደ ጣውላው ያሻግሩታል። በአናቱ ላይ የሚገናኙትን ሁለት እንጨቶች የቆረጡት እንደዚህ ነው፤ መጋጠሚያው እንደ ቱንቢ ቀጥ ብሎ ወረደ። ከታች፣ ከጥጋቱ ላይ ግን እንጨቱን ከግድግዳው አንስተው ከኮርኒሱ ፊት ጋር ለጥ አድርገው መቱት። አንድ ገጽ ላይ ከተኙ በኋላ ያው የድሮው 45 በቂ ሆነ።

«አባባ፣ ይህ መስመር ስሙ ማን ነው?» አልኳቸው።

«የቱ?»

በጣቴ አሳየኋቸው።

«ዳሩ ነዋ፣ ልጄ» አሉና ምስማራቸውን በከንፈራቸው መልሰው ያዙ።