ስለ አቃቂ ውኃ አዕዋፍና ስለ ሁለት አፍ ጠመንጃ

ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1902 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ) ድሬዳዋ ደርሶ፣ ከዚያም በብዙ ድካምና በብዙ ወጪ የአዋሽን በረሃ ተሻግሮ፣ በ1915 አቃቂ በገባ ጊዜ፣ አዲስ አበባ ለመድረስ ገና ሁለት ዓመት ይቀረው ስለ ነበር፣ ያ የገላን ኦሮሞ የጤፍና የሽንብራ ሜዳ ለጊዜው የሐዲዱ መጨረሻና የሸዋ ደጅ ሆኖ ነበር። በዚያ ዘመን ለአደን ወደ አገራችን የሚመጣ አውሮፓዊ ሁለት ዓይነት ጠመንጃ ይዞ መምጣቱ የተለመደ ነበረ። አንደኛው አፈሙዙ በውስጥ በኩል ጠመዝማዛ መስመር የተቈረጠበት፣ አንዲት ጥይት ወደ ሩቅ የሚልክ ነው። ሁለተኛው ውስጡ ልሙጥ የሆነ፣ ሁለት አፈሙዝ ጎን ለጎን የተጣመረለት፣ በአንድ ተኩስ ብዙ የእርሳስ ፍሬ የሚበትን ነው። የአገራችን ሰው የመጀመሪያውን ከነስሙ ከነዘሩ ያውቀው፣ ሰናድሩን ከረሚንግተን፣ ውጅግራውን ከለበን፣ ለበኑንም ከምንሽር ለይቶ ያወድሰውና ይነቅፈው ነበረ፤ ሁለተኛውን ግን አይቶ ዝም አለው።

ምክንያቱ ድህነት ነው የሚሉ አይጠፉም፤ እኔ ግን እንዲህ አይመስለኝም። መኳንንቱ የዝሆን ጥርስና ቡና፣ ወርቅና ዝባድ እየሰጡ መሣሪያ ከመግዛት ወደ ኋላ ያሉበት ጊዜ አልነበረም፤ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እንኳ በ1887 ሁለት ሺህ ያህል አሮጌ ጠመንጃ ከታጁራ በግመል አስጭኖ፣ የዳናክልን በረሃ አቋርጦ፣ በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ለነበሩት ለምኒልክ መሸጡ በታሪክ የታወቀ ነው። ስለዚህ ገንዘብም ነጋዴም ነበረ ማለት ነው፤ ያልነበረው ሁለት አፉን ጠመንጃ የሚሻ ልማድ ነው። መሣሪያን የሚመርጠው ተኳሹ ብቻ መስሎ ይታየናል እንጂ፣ ከተኳሹ አስቀድሞ ሁለት ነገሮች መርጠውለት ይቆያሉ፤ እነዚህም የሚገደለው አውሬ የሚያስገኘው ክብርና የሥጋው ከማዕድ መቅረብ ወይም አለመቅረብ ናቸው።

ስለ ክብሩ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ዝሆን ወይም አንበሳ የገደለ ሰው የዝሆኑን ጅራት ወይም የአንበሳውን ጎፈር ይዞ፣ ግዳዩን በጌታው ፊት ጥሎ፣ እየፎከረ ይገባል፤ ዘመዶቹም እልል ይላሉ፣ ማዕረግና ሽልማትም ይከተለዋል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው የከበደች አንዲት ጥይት ናት። ያችው ጥይት በጦር ሜዳም ታገለግላለች፤ የእርሳስ ፍሬ የሚበትነው ጠመንጃ ግን ከ40 ሜትር እምብዛም ሳይርቅ ኃይሉ የሚደክም እንደ መሆኑ መጠን፣ ጦር በመጣ ጊዜ ለጌታውም ለባለቤቱም አይረባም። ዳክዬ ገድሎ የፎከረ ሰው ደግሞ አልሰማንም።

ከዚህ ይልቅ ጠለቅ ብሎ መመርመር የሚገባው የማዕዱ ነገር ነው። በአቃቂ ወንዝ ዳርና ወንዙ በሚተኛበት ረግረግ ላይ፣ ክረምቱ አልፎ መስከረም ከጠባ በኋላ፣ ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን የሸሹ ዳክዬዎች በየዓመቱ ይወርዳሉ፤ ጅራተ ሹሏ፣ አፈ ሰፊዋ፣ ሌሎችም፤ ከእነርሱም ጋር የአገሩ ዝይዎች ይቀላቀላሉ። ለእንግሊዝ ወይም ለፈረንሳይ አዳኝ ይህ ገነት ነው። የሸዋ ክርስቲያን ግን ዳክዬንና ዝይን አይበላም፤ መጽሐፈ ዘሌዋውያን በ11ኛው ምዕራፍ ከሚለያቸው ርኩሳን፣ ከጥንቸልና ከእሪያ ጋር፣ በልማዱ ደምሮ ትቷቸዋል። የሚበሉት ቆቅና ጅግራ ናቸው፤ በእነርሱም ላይ ቢሆን ሌላ ሕግ አለ። ሥጋ የሚፈቀደው በስመ አብ ተብሎ ተባርኮ፣ ነፍስ ሳትወጣ በቢላዋ ደሙ የፈሰሰ እንደ ሆነ ነው፤ ሐዋርያትም በኢየሩሳሌም ተሰብስበው ከደምና ከታነቀ እንዲከለከሉ ለአሕዛብ ምእመናን ጽፈዋል። ሁለት አፍ ጠመንጃ ደግሞ ሥራው በአየር ላይ መግደል ነው፤ ወፏ መሬት ሳትደርስ ነፍሷ ካለፈ በክት ሆነች ማለት ነው፣ ከበክትም ለውሻ እንጂ ለጌታ አይደርስም። በወጥመድ የተያዘች ቆቅ ግን በሕይወት እጅ ትገባለች፤ ስለዚህ በሸዋ ገጠር ወጥመዱ ከጠመንጃው ይልቅ ለሃይማኖት የተስማማ መሣሪያ ነበረ።

የጊዜው ነገርም አለ። ዳክዬዎቹ በብዛት የሚታዩባቸው ወራት ከጥቅምት እስከ መጋቢት ገደማ ናቸው። በዚህ መካከል ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ ጾመ ነቢያት ይገባል፤ ከልደትና ከጥምቀት በኋላም ጥቂት ሳምንታት አልፈው 55 ቀን ያለው ዐቢይ ጾም ይከተላል። ረቡዕንና ዓርብን ጨምረን ብንቈጥር፣ አደኑ በሚያምርበት ወቅት ሥጋ የሚቀመስባቸው ቀኖች ጥቂት ሆነው ይቀራሉ። የእህል ጠላት የሆነውን ወፍ ለማባረር ደግሞ ባሩድ ማባከን አያሻም፤ ማማ ላይ የተቀመጠ ልጅ በወንጭፍና በጅራፍ ይጠብቃል።

ይህን ሁሉ አንድ ላይ አድርጎ የሚያሳይ የአንድ ጠመንጃ ዕድል አለ፤ እርሱም በ1874 በፈረንሳይ ሠራዊት የታወጀው፣ የጥይቱ ስፋት 11 ሚሊሜትር የሆነው፣ እኛ ውጅግራ የምንለው ነው። ለበን መጥቶ ከሠራዊቱ ባስወጣው ጊዜ፣ የቀረውን ብዙ ሺህ ውጅግራ የሴንት ኤትየን ከተማ አንጥረኞች አፈሙዙን እየፋቁና እያለሰለሱ ለወፍ ማደኛ ለውጠው፣ ለፈረንሳይ ገበሬና ለቅኝ አገሩ በርካሽ ሸጡት። እኛ ዘንድ የመጣው ግን ሳይፋቅ ቀርቶ፣ ዐድዋ ዘምቶ፣ ከዚያም ከአባት ወደ ልጅ ተላለፈ። ብረቱ አንድ፣ የተወለደበትም ዘመን አንድ ሆኖ ሳለ፣ በዚያ የጥንቸል ሥጋ አብሳይ፣ በዚህ የነጻነት ጠባቂ ሆኖ አረጀ።

አውሮፓውያኑ ራሳቸው በሁለት አፉ ጠመንጃ ምርጫ ብዙ ይከራከራሉ፤ ክርክሩም ከንቱ አይደለም። ስፋቱን የሚለኩት በጥንት ልማድ ነው፤ 12 ቍጥር የሚባለው ከአንድ ፓውንድ እርሳስ 12 እኩል ክብ ድብልብሎች ቢወጡ አንዱ የሚያልፍበት ሲሆን፣ ስፋቱ 18.5 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ 20 ቍጥሩ ከእርሱ ይጠብባል፣ ቀላልም ነው። ትልቅ ዝይ ለሚሻ ሰፊው፣ ቆቅ ለሚከተል ጠባቡ ይመረጣል። አፈሙዞቹ ጎን ለጎን ይሁኑ ወይስ አንዱ ባንዱ ላይ ይደረብ የሚለው ክርክር ደግሞ የጋለው በ1926 ቤልጅግ ውስጥ በሞተው በአሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ የመጨረሻ ሥራ ነው፤ ተደራቢው ጠመንጃው ከሞተ በኋላ በ1931 ለገበያ ወጣ። በተደራቢው ዓይን የሚከተለው አንድ ጠባብ መስመር ብቻ ስለ ሆነ፣ የሸክላ ዒላማ ተኳሾች ይመርጡታል። የሸክላው ዒላማ ራሱ አሜሪካዊው ሊጎውስኪ በ1880 ያወጣው ፈጠራ ሲሆን፣ ለጨዋታ ሲባል በሕይወት ያለች ርግብ ለቆ የመተኰስን የጭካኔ ልማድ ተክቷል። የሸክላ ርግብ አትባረክም፣ ጾምም አታስፈታም፤ ቢሆንም በእኛ አገር እምብዛም ሥር አልሰደደችም።

በ1926 እና በ1927 ከቺካጎ የመጣው የእንስሳት ተመራማሪዎች ጓድ፣ ከነሠዓሊው ከሉዊ አጋሲ ፉዌርቴስ ጋር፣ በዚሁ በጅቡቲው ባቡር መጥቶ አገራችንን ሲዞር የወፍ ቆዳ ሰብስቧል። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ላባውንና ቆዳውን እንዳይበሳሳ እጅግ ደቃቅ ፍሬ የሚተኩስ ነው። ወፎቹ በፉዌርቴስ ሥዕል ዛሬም ይታያሉ፤ ክርስቲያንም አልበላቸውም፣ በክትነታቸውም ማንንም አላሳሰበም።

በ1944 በወጣው በአዋጅ ቍጥር 61 የዱር አራዊት አደን በሕግ ተወሰነ፤ ዛሬም በ2020 የወጣው አዋጅ ቍጥር 1177 መሣሪያ መያዝን ለፈቃድ አስገዝቶታል። በአቃቂ ግን ለዳክዬዎቹ የመጣው መከራ ከጠመንጃ አይደለም። በ1930ዎቹ የተጀመረውና ከአገራችን ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው የአባ ሳሙኤል ግድብ ወንዙን አስፍቶ ለአዕዋፉ ትልቅ ኩሬ ሠርቶላቸው ነበረ፤ ዛሬ ግን ከቆዳ ፋብሪካዎችና ከከተማው የሚወርደው እድፍ ውኃውን አጥቁሮታል፣ እምቦጭም ፊቱን ሸፍኖታል። ሕገ ኦሪት ከእርሳስ የጠበቃቸውን ወፎች ከእድፍ የሚጠብቅ አዋጅ እስከ አሁን ኃይሉ አልታየም።